መመለሻ ያለው ወታደር

ወሎ፣ ሐርቡ ውስጥ በአንድ የቅሬ፣ ማለትም የለቅሶ መረዳጃ ማኅበር፣ ድንኳን ሥር የተነሣ ክርክር እስካሁን አልለቀቀኝም። ነገሩን የጀመረው ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ጎልማሳ ነው። አባቱ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከቃሉ ተነሥተው ወለጋ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚያው ነው። «አባቴ ሚሊሺያ ሆኖ ሰፈሩን ሲጠብቅ ነው የሞተው» አለ። «ደሙ የፈሰሰበት መሬት ነው። በምን ሒሳብ ነው መጤ የምንባለው?» ከጎኑ የተቀመጡ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አላህ ይዘንላቸው፤ ግን ከማን ነበር የሚጠብቁት?» ብለው ጠየቁት። ጎልማሳው መልስ ሳይሰጥ ተነሥቶ ወጣ። የቀረነው ሁለት ወገን ሆነን ስንነታረክ ዋልን።

ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ሳይጠይቅ ተቀብሎ ነበር፤ ጠመንጃ ስለ መሬት መብት የሚናገረው ነገር አለ የሚለውን። አንዱ ወገን «ተዋግቷልና የእሱ ነው» ይላል። ሌላው «በጠመንጃ የቆየ ስለሆነ የእሱ አይደለም» ይላል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ከዚህ ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ነው። በአንድ አገር ሳይወለዱ ለዚያ አገር መሣሪያ ያነሡ ሰዎችን ሁሉ በአንድ ዐይን አናይም። አንዳንዶቹን ስማቸውን በክብር እናነሣለን፣ አንዳንዶቹን በጥርጣሬ እናያለን፤ ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

የምናከብራቸው በዚሁ በሐርቡ መንገድ ላይ ታሪክ አላቸው። ጣልያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። ሚያዝያ 7 ደሴ ተያዘች። ሚያዝያ 18 የጣልያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ፣ ኮምቦልቻን አልፎ በቦርከና ሸለቆ ወደ አዲስ አበባ መውረድ ጀመረ። ደቡብ ላይ፣ መንገዱ ወደ ደጋ በሚወጣበት በጣርማ በር፣ ይህን ጦር እንዲያግዱ ከታዘዙት መካከል የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ምልምሎች ነበሩ። አሠልጣኛቸው ስዊድናዊው ሻምበል ቪኪንግ ታም ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት በስዊድን መኮንኖች ነው የተቋቋመው፤ ጦርነቱ ሲነሣ ታምና ጥቂት ባልደረቦቹ አገራቸው ከመግባት ይልቅ ከተማሪዎቻቸው ጋር መቆየትን መረጡ። መንገዱ ተቆራረጠ፣ የጣልያን መኪኖች ተራራው ሥር ቆሙ፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ጦር በዚያ እፍኝ በማይሞላ ኃይል አልተገታም፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ በፊት ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት ከአየር ተደብድቦ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ረዳት ሞቷል። በዚያው ጦርነት የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበረረው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ደግሞ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ የአየር ኃይላችንን እንደገና አደራጀ፣ በስተርጅናው በድርቅ ለተጎዳ ሰው እህል ከአየር ጣለ፣ በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጎዴ ላይ ተገደለ። እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ ሳልሸሽግ ልናገረው። ከኢትዮጵያ መሬት አንድ ጥማድ አልጠየቁም።

ከእነሱ ሰባ ዓመት ቀድሞ ግን ሌሎች የስካንዲኔቪያ ልጆች በሌላ አህጉር፣ በሌላ ዓይነት ሁኔታ መሣሪያ አንሥተዋል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው የሰፈራ ሕግ መሬቱን አምስት ዓመት ላረሰና ለኖረበት ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ያስታወቀ ስደተኛም ይገባዋል። ኖርዌይና ስዊድን መሬት የጠበባቸው ገበሬዎች ከሕጉም በፊት ጀምረው ወደ ሚኒሶታ ጎርፈዋል። የዳኮታ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1851 ሰፊ አገሩን በውል ለቆ በወንዝ ዳር በቀጭን መሬት ተወስኖ ነበር። በ1862 በጋ የተገባለት ክፍያ ዘግይቶ ልጆቹ ሲራቡ፣ ነሐሴ ላይ ጦርነት ፈነዳ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሞቱት ውስጥ መዋጋት ቀርቶ የተፈጠረውን እንኳ ያልሰሙ የስዊድንና የኖርዌይ ቤተሰቦች አሉ። ከዚያ በኋላ ሰፋሪዎቹ በየመንደሩ የፈቃደኛ ጓድ አቋቋሙ፤ በኒኮሌት አውራጃ የነበረው «የስካንዲኔቪያ ዘብ» ተብሎ ተመዝግቧል። በዓመቱ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 26 ቀን፣ ማንካቶ ላይ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የቀሩት ከሚኒሶታ ተባረሩ። ሰፋሪው ገበሬ በማሳው ቀረ።

ታምም የኒኮሌቱ ገበሬም ፈቃደኛ ይባላሉ። ሁለቱም ከአንድ ባሕር ዳር የመጡ፣ ባልተወለዱበት አገር ዳር የቆሙ ናቸው። አንዱን ሳከብር ሌላውን የምጠራጠረው ለምንድን ነው? ፈጥኖ የሚመጣው መልስ ታም ለተጠቃ፣ ገበሬው ለአጥቂ ቆመ የሚለው ነው። ግን ሌሊት በሩ የተሰበረበት ገበሬ በዚያች ሌሊት ተጠቂ ነበር፤ እሱን አጥቂ ነህ ብሎ ማሳመን አይቻልም፣ እኔም አልሞክርም። እኔ የደረስኩበት ልዩነት ሌላ ነው። ታም መመለሻ ነበረው። ቢፈልግ በማግሥቱ ጂቡቲ ወርዶ መርከብ ይሳፈራል፤ ስቶክሆልም ማዕረጉ ይጠብቀዋል። ፈቃደኝነቱ ፈቃድ የሆነው መሄድ እየቻለ ስለቆየ ነው። የኒኮሌቱ ገበሬ ንብረቱን ሸጦ ባሕር የተሻገረ ነው፤ ጠመንጃ አነሣ ሲባል ሌላ ምን ምርጫ ነበረው ብሎ መጠየቅ ይገባል። እሱን ፈቃደኛ ማለት ራስን ማጽናናት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የሐርቡን ክርክር ልፈታው አሰብኩ። የጎልማሳው አባት ከኒኮሌቱ ገበሬ ወገን ናቸው፤ እንዲያውም ከእሱም ባነሰ ፈቃድ። በ1977 የወሎ ሰው ወደ ሰፈራ ሲጫን የሄደው ረሃብ አስጨንቆት ነው፤ በካድሬ ተገፍቶ የተሳፈረም ብዙ ነው። ወደ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከል ገባ፤ አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። ፓዌ ላይ መንደሮቹ ስም እንኳ አላገኙም፣ በቁጥር ተጠሩ። ጉሙዝ የሚያድንበትና የሚያርስበት ጫካ በትራክተር ተመነጠረ። ጉሙዙን የጠየቀው የለም፤ የወሎውንም የጠየቀው የለም። ከዚያ ከሰፋሪው መካከል ለጥቂቱ ጠመንጃ ታደለና ሚሊሺያ ተባለ። መሬቱንም ጠመንጃውንም የሰጠው አንድ እጅ ነው። ያ እጅ ሰፋሪውን ያስታጠቀው ለሰፋሪው ብቻ አስቦ አይመስለኝም። ዳር አገር ላይ መንግሥት ራሱ ሊቆምበት በሚገባው ቦታ ድሃ ገበሬ ያቆማል፤ ሚኒሶታም እንዲሁ ነበር።

ስለዚህ «ደሙ ፈሶበታል» የሚለው ክርክር አይቆምም ብዬ ደመደምኩ። ደም መሬት ይሰጣል ካልን ሉንድስትሮም መልካ ዲዳ ላይ ርስት አለው፤ አንድም ቀን ጠመንጃ ያልያዘች የሐርቡ እናት ደግሞ በተወለደችበት ቀዬ መብት የላትም። የሚሊሺያው ልጅ ባለመሬት፣ የጎረቤቱ የዕውሩ ልጅ እንግዳ ሊሆን ነው። በዚህ መለኪያ ዳኮታውም ጉሙዙም ደሙን አፍስሷልና ክርክሩ ተመልሶ ማን ብዙ ገደለ ወደሚለው ይወርዳል። ይህን ክፍል ዛሬም እቆምበታለሁ።

ያላሳረፈኝ ግን አንድ መቃወሚያ ነው፤ የነገርኩት አንድ የኮምቦልቻ መምህር ያነሣው። «ጠመንጃው መብት አይሰጥም እሺ። ታዲያ ጠመንጃ የሌለው ምን ሆነ? ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ ያለቁት እኮ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።» ቶሌ የሞቱት ብዙዎቹ የእነዚያ የ1977 ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ፤ ሴቶችና ሕፃናት። መምህሩ የሚለው፣ መመለሻ የሌለው ሰው መከላከል ንጹሕ የሆነው መከላከል ነው። ታም የሌላውን ሞት ለመጋራት መጣ፤ ይህ የሚሊሺያ ሰው ግን የራሱን ሞት ከደጁ ለማራቅ ቆመ። ከሁለቱ ማን ይበልጥ መብት አለው?

ይህን ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። መጀመሪያ የመለስኩለት ዳኮታውም መመለሻ አልነበረውም በማለት ነው፤ ጉሙዙም የለውም። መመለሻ ማጣት መብት የሚሰጥ ከሆነ በአንድ ጫካ ላይ ሁለት ሙሉ መብት ይቆማል፣ ሁለቱንም እዚያ ያገናኛቸው ሦስተኛ ወገን ግን ከፍርድ ያመልጣል። መምህሩ ይህን ተቀበለና አልቆመም። «ልጁስ?» አለኝ። «እዚያ ተወልዶ፣ ኦሮምኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተናግሮ ያደገው፣ ማን እንዳመጣው የማያውቀው? እሱንም ያመጣውን መንግሥት እስክትከስ ጠብቅ ትለዋለህ?»

ለልጁ ያለኝ መልስ ከጠመንጃው ውጭ ነው፤ እሱንም ያገኘሁት ከዚያ ድንኳን ነው። የወሎ ሰፋሪ ወለጋ ሲወርድ ቅሬውን ይዞ ሄዷል። ከየወረዳው የተለቃቀሙ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ሬሳ የሚያነሣ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ንፍሮ የሚቀቅል ማኅበር አቋቋሙ። እያደረም ለቅሶ ለመድረስ የጎረቤት ኦሮሞ ይመጣል፣ እነሱም ይሄዳሉ፤ በሬ ይቀናጃሉ፣ በእኩል ያርሳሉ፣ አንዳንዱም ይጋባል። አባትየው እዚያ ሰው የሆኑት ሌሊት በያዙት ጠመንጃ አይደለም፤ ቀን በቆፈሩት የጎረቤት መቃብር ነው። ሽማግሌው «ከማን ነበር የሚጠብቁት?» ብለው ሲጠይቁ ልጁ ሊመልስ ያልቻለው የጠመንጃውን መንገድ ስለመረጠ ይመስለኛል። ቅሬውን ቢያነሣ ሽማግሌው፣ እሳቸውም የቅሬ ሰው ናቸውና፣ መልስ አያገኙለትም ነበር።

ሆኖም ይህም የሚያደርሰኝ ግማሽ መንገድ ነው። ቅሬ ሬሳ ያነሣል እንጂ ገዳይ አይመልስም። በየቦታው ጎረቤቱን ደብቆ ያተረፈ ሰው አለ፤ ይህ ሲነገር ደስ ይለኛል፤ ግን በጎረቤት ደግነት ላይ ብቻ ሕይወቱን እንዲጥል ለአንድ አባት ለመምከር አፍ የለኝም። ስለዚህ ስጀምር ሰፊ የነበረው ነገር እዚህ ላይ ጠቧል። ጠመንጃ የመብት ምንጭ አይሆንም እላለሁ፤ መብትን ለማቆየት አያስፈልግም ግን አልልም። መንግሥት ራሱ ጠባቂ ሆኖ ሳይቆም መመለሻ የሌለውን ሰው መሣሪያህን አስረክብ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አይተናል።

የባሰው ሌላ ነው፤ መመለሻ ስለሚባለው ነገር ራሱ እርግጠኛነቴ ላልቷል። ጎልማሳውን ያባረሩት ሰዎች እኮ የእኔኑ ክርክር ነው የተጠቀሙት። «አገር አላችሁ፣ ወደ ክልላችሁ ተመለሱ» ነው ያሉት። በእነሱ ዐይን እሱ እንደ ታም ነው፤ ሲፈልግ የሚሄድ እንግዳ። እኔ በታም ያደነቅኩት የመሄድ ነፃነት በእሱ ላይ የማባረሪያ ምክንያት ሆነበት።

ተመልሶ ያገኘው ደግሞ ይኸው ሐርቡ ነው። አባቱ በ1977 ትተውት የሄዱትን የማሽላ ማሳ ዛሬ ሌላ ሰው ያርሰዋል፤ ያ ሰውም በቅንነት የያዘው ነው፣ ልጆች አሳድጎበታል። ጎልማሳው መጋዘን ሥር፣ በሸራ በተከፈለ ክፍል፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የእርዳታ ስንዴ ይጠብቃል። ልጆቹ የሐርቡን ሙቀት አልለመዱትም፤ እርስ በርስ ሲጫወቱ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መንገድ ሲወርድ የዚህ አገር ሰው ራሱ በተራው ተፈናቅሎ ነበር፤ መመለሻው ግን ቤቱ ነበር፣ በሩ ቢሰበርም። ሰው መመለሻ አለው የሚባለው ሌሎች «አለህ» ስላሉት ይሁን፣ ወይስ ሲደርስ ቦታ የሚለቅለት ሲኖር፣ ለይቼ ላውቅ አልቻልኩም። ጎልማሳው ከዚያ ድንኳን ከወጣ ወዲህ ለቅሬው አባልነት አመልክቷል። በመጪው ስብሰባ የመግቢያ ገንዘቡን በአንዴ ይክፈል ወይስ በየወሩ የሚለው ብቻ ነው የቀረው፤ እኔ በየወሩ ይሁንለት ብዬ እናገራለሁ።