እውነተኛ ሚዛን፦ ክርስቲያን ስለ ሌላው ሰው ሃይማኖት እንዴት ሊናገር ይገባዋል?

በአዲስ አበባ በመርካቶ ገበያ የተመላለስህ እንደ ሆነ፥ እህል በረንዳ ደርሰህ ጤፍና ስንዴ ሲመዘን አይተሃል። ገዢው ዓይኑን ከሚዛኑ አያነሣም፤ ሻጩ አትርፎ ቢመዝንለት ይመርቀዋል፥ ቢያጐድልበት ግን ይጮኽበታል። ለመግዣ አንድ፥ ለመሸጫ ሌላ ሚዛን ያለው ነጋዴ አንድ ቀን ከታወቀበት፥ ከዚያ ወዲያ መልካም እህል ቢያቀርብም የሚያምነው የለም። እግዚአብሔርም በሙሴ ሕግ እንዲህ ያለውን ሚዛን ከልክሎአል (ዘሌዋውያን 19፥35-36)። እኛ ይህን ለነጋዴዎች አዘውትረን እንሰብካለን። ነገር ግን ስለ ሌላው ሰው ሃይማኖት በምንናገርበት ጊዜ፥ እኛው ራሳችን ሁለት ሚዛን ይዘን መገኘታችንን አናስተውልም።

ይህን የምጽፈው ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ ስለ ሆንሁ አይደለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፥ በወጣትነቴ ወንጌልን ለመስበክ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን በመርካቶ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ለተሰበሰቡ ጥቂት ወጣቶች ስናገር፥ «የኦርቶዶክስ ሰዎች ማርያምን እንደ ፈጣሪ ያመልካሉ» ብዬ አስተማርሁ። ሐሰት እንደ ሆነ አውቅ ነበር፤ ያደግሁት በዚያው ቤት ነውና። እናቴ ጠዋትና ማታ ስትጸልይ ሰምቻታለሁ፤ ድንግልን «አማልጂኝ» ትላታለች እንጂ፥ ዓለምን የፈጠርሽ አትላትም። ከሰሚዎቹም አንዱ፥ የሱቁ ተላላኪ ልጅ፥ ቃሌን ወስዶ ለአያቱ ነገራት። እርስዋም ሳትቈጣ የምታምነውን በቀስታ አስረዳችው። በማግሥቱ ወደ እኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ ስለ አያቴ እምነት የነገሩኝ እውነት አይደለም፤ እንግዲህ ስለ ክርስቶስ የነገሩኝ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ልጁም ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ስብከቴ አልመጣም። ያሰናከለው የወንጌል ቃል ቢሆን ኖሮ ለእግዚአብሔር በተውሁት ነበር፤ ያሰናከለው ግን የእኔ ሐሰት ነው።

በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ (ዘጸአት 20፥16) ለችሎት ብቻ የተሰጠ አይምሰለን። የሰው ሃይማኖት ከንብረቱ ሁሉ ይበልጥበታል። ላሙን በሐሰት ምስክር የወሰደ ኃጢአተኛ ከሆነ፥ እምነቱን በሐሰት የሚያጣምምበትማ እንዴት ንጹሕ ይሆናል?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን የአምልኮ ስግደት፥ ለቅዱሳን ከሚሰጠው የጸጋ ስግደት ለይታ ታስተምራለች። እኔ ስለ ቅዱሳን ምልጃ ከትምህርትዋ እለያለሁ፥ ልዩነቴንም አልሸሽግም። ነገር ግን መለየት ሌላ ነው፥ ማጣመም ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ451 ዓ.ም. ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ፥ ብዙ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህችን ቤተ ክርስቲያን የአውጣኪ ተከታይ አድርገው ጽፈዋል። እርስዋ ግን አውጣኪን ታወግዛለች፤ ተዋሕዶውም ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ ነው ትላለች። በ1989 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር፥ ጉባኤውን የሚቀበሉትና የማይቀበሉት ኦርቶዶክሶች ሊቃውንት በግብፅ በአባ ቢሾይ ገዳም ተቀምጠው፥ ሁለቱም ወገኖች የአውጣኪንና የንስጥሮስን ትምህርት እንደሚያወግዙ በአንድነት ጻፉ። ልዩነታቸው ሁሉ አልቀረም፤ ሆኖም ይህን ያህል ለመደማመጥ ከ1500 ዓመት በላይ አለፈ። እኛም ድንግል ማርያም ብፅዕት የጌታ እናት መሆንዋን እያመንን «ጸረ ማርያም» ስንባል እናዝናለን። ኀዘኑን ካወቅነው ለሌላው አንስጠው።

በመርካቶ የአንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው ይገኛሉ፤ የሙስሊሙም ሱቅ ከክርስቲያኑ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ይህ ሁሉ ጉርብትና ሳለ፥ «ሙስሊሞች መሐመድን ያመልካሉ» የሚል ክርስቲያን ሰምቻለሁ። ሙስሊም ግን ከእግዚአብሔር በቀር ሌላን ማምለክ ከኃጢአት ሁሉ የከፋ መሆኑን ይማራል። ኢየሱስን ከድንግል የተወለደ መሲሕ ነው ይላል፤ የቁርኣኑም 19ኛ ምዕራፍ በማርያም ስም ይጠራል። የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑንና በመስቀል ላይ መሞቱን ግን አይቀበልም። እነሆ፥ የሚለየን ነገር ይህ ነው፤ እጅግም ታላቅ ነገር ነው፤ ሐሰት ሊጨመርበት አያሻም። «ክርስቲያኖች ሦስት አማልክት ያመልካሉ» ሲባልብን የምናዝን እኛ፥ ጌታችን ለራሳችን የምንወደውን ለሌላው እንድናደርግ ማዘዙን እናስብ (ማቴዎስ 7፥12)።

የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ በ615 ዓ.ም. ገደማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የመሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰድደው ወደ አክሱም ንጉሥ በመጡ ጊዜ፥ አሳዳጆቻቸው መልእክተኞችን ከእጅ መንሻ ጋር ልከው መልሰህ ስጠን አሉት። ንጉሡ ግን ስደተኞቹን ሳልሰማ አልሰጥም ብሎ አስጠራቸው፥ እምነታቸውንም ጠየቃቸው። ጃዕፈር የሚባለው መልስ ሰጠ፥ ስለ ማርያምም ከቁርኣናቸው አነበበ፤ ንጉሡም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ሙስሊሞች ንጉሡ በኋላ ሰለመ ይላሉ፤ ክርስቲያኖች ይህን አይቀበሉም። ነገር ግን ክርስቲያን ንጉሥ ከከሳሽ አፍ ብቻ ሰምቶ አልፈረደም መባሉ ለእኛ ትምህርት ነው። ኒቆዲሞስም ለአይሁድ አለቆች ያሳሰባቸው ይህንኑ ነበር (ዮሐንስ 7፥51)።

ምናልባት፥ «የሌላውን እምነት በመልካም ቃል ብናገር ስሕተቱን አላጸናለትምን?» የሚል ይኖራል። ሐዋርያው ጳውሎስን ተመልከት፤ በአቴና አስቀድሞ የሚያመልኩትን ዞሮ አየ፥ ባለ ቅኔዎቻቸው ያሉትንም አወቀ፤ ከዚያ በኋላ ትንሣኤን ሳያፍር ሰበከ (የሐዋርያት ሥራ 17)። እውነት በሐሰት ምርኩዝ አይቆምም፤ በእርሱ የተደገፈ ስብከትም ከምርኩዙ ጋር ይወድቃል።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ሦስት ነገር እንጠብቅ። መጀመሪያ፥ የሰውን እምነት ከራሱ አፍና ከራሱ መጽሐፍ እንጂ ከጠላቱ አንማር። ሁለተኛ፥ የእኛን ቅዱሳን ከእነርሱ ክፉዎች ጋር አናመዛዝን፤ መጽሐፍን ከመጽሐፍ፥ ሰውንም ከሰው ጋር እናስተያይ። ሦስተኛ፥ የሌላውን ትምህርት በተናገርን ጊዜ፥ ባለቤቱ በመካከላችን ተቀምጦ ቢሰማ፥ «አዎን፥ የማምነው ይህን ነው» ሊል እንዲችል አድርገን እንናገር። ከዚያ በኋላ የምንለይበትን በግልጥ፥ በየዋህነትም እንናገር (1 ጴጥሮስ 3፥15-16)። ሐሰት የተናገርንበት ሰው ካለ፥ ሄደን ስሕተታችንን እንንገረው፤ በሐሰት ያስተማርናቸውንም በዚያው አፋችን እናርማቸው። ያን ልጅ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ አንተ ግን የበደልኸው ሰው ዛሬ በአጠገብህ ሳለ አትዘግይ።

እውነተኛ አምላክ ሆይ፥ ስለ ስምህ ስንናገር ከሐሰት ጠብቀን፤ በአንደበታችን ያሰናከልናቸውን በምሕረትህ መልሳቸው፤ ሚዛናችንንም አቅናልን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፥ አሜን።