አንባቢው የሚያውቀው፣ ዳኛው የማያውቀው

የፍርድ ቤት ልብ ወለድ አንባቢውን ከዳኛው የተሻለ ቦታ ይሰጠዋል። አንባቢው ወንጀሉ ሲፈጸም በደራሲው ዓይን አይቷል፤ አለዚያም ከተከሳሹ ጋር እስር ቤት ገብቶ የልቡን ሰምቷል። ዳኛው ያለው መዝገብ፣ ምስክርና ኤግዚቢት ብቻ ነው። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ያለ የትምህርት ቤት የንባብ ክበብ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞ ቢቀመጥ፣ «ገዳዩ ማን ነው?» የሚለው ጨዋታ ቶሎ ያልቃል። የሚከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ እንደ አንባቢው እውነቱን የሚያውቅ ዳኛ ማስረጃው ሌላ ቢል በየትኛው ይፍረድ? የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ ካሳተሟቸው ልብ ወለዶች አንዱን «ወንጀለኛው ዳኛ» ብለውታል። ርዕሱ ብቻውን ፍርድ ሰጪው ራሱ ተጠያቂ እንደሚሆን ያስታውሳል።

የ13ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ጥያቄውን ፊት ለፊት አንሥቶታል። ዳኛ የሚፈርደው በሕዝብ ሥልጣን ስለሆነ በችሎት ያልቀረበ የግል እውቀቱ የፍርድ መሠረት ሊሆን አይችልም ይላል። እውቀቱ የሚያገለግለው ማስረጃውን ይበልጥ አጥብቆ እንዲመረምር ነው። መልሱ ለወጣት አንባቢ ይጎመዝዛል፤ በጥፋተኛነቱ ያልተጠራጠረው ሰው በነጻ ሲሰናበት ማየት ያማል። ሆኖም ዳኛ ሁሉ «እኔ አውቃለሁ» እያለ ቢፈርድ ተከሳሹ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። ሰው መልስ ሊሰጥ የሚችለው በፊቱ ለተነገረ ቃል ነውና።

ችሎት ያለበት ጥንታዊና ልብ ሰቃይ ታሪክ የሚፈልግ ክበብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው የሶስና ታሪክ አለ። በባቢሎን የሕዝቡ ዳኞች የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ሶስናን ተመኙ፤ እምቢ ስትላቸው በዝሙት ከሰሷት፤ ቃላቸው ስለተስማማ ጉባኤው ሞት ፈረደባት። በኦሪት ሕግ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው፤ ቁጥሩ ተሟልቶ ነበር። ወጣቱ ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ እያንዳንዱን ጠየቀ፤ የተለያየ ዛፍ ጠሩ፤ ውሸታቸው ተገለጠ። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ዳንኤል መንፈስ አነሣሥቶት እንኳ «ተገልጦልኛል፣ ልቀቋት» ብሎ አለማቆሙ ነው። እርሱ ያመነውን ጉባኤው ሁሉ በጆሮው እንዲሰማው አደረገ። የአኩዊናስ ክርክር በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ወደ ዛሬው ችሎት ስንመጣ፣ የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ በሕግ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አፉን በአዊኛ ለፈታ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያልተረዱትን ክስ ማስተባበል አይቻልምና። የአሜሪካ ልብ ወለዶችን የሚያነቡ ተማሪዎች ደግሞ በኢትዮጵያ 12 ሰው የሚቀመጥበት የፍርድ ሸንጎ እንደሌለ፣ ማስረጃውን የሚመዝኑት ዳኞቹ ራሳቸው እንደሆኑ ማወቅ አለባቸው።

ታዲያ ጥፋተኛው ቢያመልጥስ? የ12ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ አንድ ንጹሕ ከሚገደል ሺህ ጥፋተኞች ቢለቀቁ ይሻላል ብሏል። ይህን መቀበል ለአማኝ ይቀለዋል። የተሰወረውን ሁሉ የሚያይ ፈራጅ እንዳለ የሚያምን ሰው፣ የምድር ችሎት ሁሉን እንዲያውቅ አያስገድደውም። «አልተረጋገጠም» የሚል ዳኛ ተከሳሹን ንጹሕ ነው ብሎ አልመሰከረም፤ የማያውቀውን አለማወቁን ተናገረ እንጂ። በአገር ሽምግልና መሐላ ያለው ቦታም ከዚሁ ይመነጫል፦ ምስክር ያልተገኘለት ነገር በመሐላ ለእግዚአብሔር ይተዋል። ሽማግሌዎቹ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ማስታረቅ ስለሚሹ፣ ችሎት የማይጠይቀውን የበዳዩን ጸጸትና የተበዳዩን ይቅርታም ይጠይቃሉ። ልብ ወለዱ ብዙ ጊዜ ፍርዱ እንደተነበበ ያበቃል፤ ይህን ክፍል አይደርስበትም።

የንባብ ክበብ ጥያቄውን በራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ፍርዱ ያለበት ምዕራፍ ሳይነበብ እያንዳንዱ አባል ውሳኔውን ይጽፋል፤ ደራሲው ለአንባቢ ብቻ ያሳየውን፣ በችሎቱ ግን ያልተሰማውን ገጽ ሁሉ ከምክንያቱ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው በመጀመሪያ ሐሳቡ እንደሚጸና ማየት ይቻላል።