ቀዩ ገመድ

በደብረ ብርሃን አንድ ባለ ሚኒባስ ነበር፤ መስመሩ አንኮበር። በጥቅምት ማለቂያ መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም። ገፍተው ያስነሱታል፤ ቀኑን ደህና ይውላል፤ በማግስቱ ያው ነው።

«ብርዱ ነው» አሉት። ማን ይክዳል? ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ በሚያድርበት አገር፣ ብርድ የማይከሰስበት ነገር የለም። ደግሞም የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይት ያወፍራል። ሰውየው ኮፈኑን ብርድ ልብስ ያለብሰው ጀመር። ብርድ ልብስ ሙቀት ያቆያል እንጂ አይወልድም፤ ግን ጨነቀው።

አዲስ ባትሪ ገዛ። ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ «ጠቅ»።

አሁን ክሱ ወደ ሰው ዞረ። «አባባ፣ ሌሊት መኪናው ውስጥ ገብተው ራዲዮ ይሰማሉ አይደል?» አለ መኪናው የሚያድርበትን ግቢ ዘበኛ።

«በማርያም! ቁልፉን የት አይቼው?»

አላመናቸውም። አሰናበታቸው። መኪናው ግን ሳይነሳ አደረ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ተጠሩ። ባትሪውን ለኩት፤ ባዶ ሆኗል እንጂ ደህና ነው። ሞተሩ ተገፍቶ ሲነሳ የዲናሞውን ለኩ፤ 14.2 ቮልት፣ እሱም ደህና ነው። ሞተሩን አስጠፉ፤ ኔጌቲቩን ፈትተው ቴስተሩን በመካከል አስገቡና በሮቹን አዘጉ።

«አሁንስ ምን እንጠብቃለን፣ ጋሼ?»

«እስኪተኛ ነዋ፣ ልጄ።»

ግማሽ ሰዓት ቆዩ። የተኛ መኪና ከ0.05 አምፔር በላይ እምብዛም አይስብም፤ ቴስተሩ 1.5 ላይ ቆሟል። 10 ሰዓት በሚቆይ ሌሊት የአንድ ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሩብ ማለት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሁሉም ተነቅለው 1.5! ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው ከባትሪው ፖዘቲቭ የተነሣ፣ ፊውዝ ሳጥኑን ሳይነካ ወደ ወንበር ስር የገባ ወፍራም ቀይ ገመድ አዩ። ጫፉ ላይ አምፕሊፋየር፤ ትንሽ መብራቱ በርቷል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው በሰየሟት ከተማ ያቺን መብራት ያያት አልነበረም።

«ራዲዮው እኮ ጠፍቷል!»

«ራዲዮው ተኝቷል። ይሄኛው ከራዲዮው ጋር እንዲተኛ አልተነገረውም። መቼ አስገባኸው?»

«ለፋሲካ።»

«ከፋሲካ ጀምሮ ሲመጥህ ነበር። ብርዱ ገለጠብህ።»

ይህን ያመጣሁት ስለ እድራችን ነው። ካዝናው ይጎድላል፤ ኑሮ ተወደደ እንላለን፤ ተወዷል። ሊቀ መንበር ቀየርን፤ ገንዘብ ያዡን አማነው። ድንኳኑ ተቀዶ ከተጣለ በኋላ ግን ይቀመጥበት የነበረው መጋዘን ኪራይ በየወሩ ይከፈል ነበር፤ ገና ድሮ ተወስኖ ስላለቀ በስብሰባ አያልፍም፣ ማንም አይነቅለውም። የኑሮ ውድነቱ ውሸት ቢሆን ኖሮ ቶሎ ሌላ ምክንያት በፈለግን ነበር። እውነት መሆኑ አዘናጋን።

ባለ ሚኒባሱ ገመዱን ባስተካከለ ማግስት ያንን ብርድ ልብስ አሳጥቦ ወደ ዘበኛው ቤት ሄደ። ዘበኛው ተቀበሉት፤ መረቁት፤ ወደ ግቢው ግን አልተመለሱም።