ፊት አልታዘዝ ሲል

ምስጋና ሁሉ ሰውን ባማረ አቋም ለፈጠረው አላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

በአማርኛችን ፊት የሚሰጥና የሚነሳ ነገር ነው። ያገለለንን ሰው «ፊት ነሳኝ» እንላለን፤ የተቆጣው ፊቱን ያጠቁራል፤ የተደሰተው ፊቱ ይበራል። ይህን ሁሉ የምንለው ፊት የልብ ታዛዥ ነው ብለን ስለምናምን ነው። ልብ ያዛል፣ ፊት ይፈጽማል። ታዲያ ልብ እያዘዘ ፊት አልታዘዝ ሲልስ? ውስጡ ደስ ብሎት ሳለ ፊቱ ያኮረፈ የሚመስል፣ ስቆ ያሾፈ የሚመስል ሰው በየትኛው ይመዘናል?

ይህ ጥያቄ እንዲያው በሐሳብ ብቻ የመጣ አይደለም። ፊትን ለማሳመር የሚደረግ ቀዶ ጥገና ዛሬ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። የላላ የጉንጭና የአንገት ቆዳ ይወጠራል፤ የዓይን ቆብ ይስተካከላል። አብዛኛው በሰላም ያልፋል። አንዳንዶች ግን ከማደንዘዣው ሲነቁ የፊታቸው አንዱ ክፍል አልንቀሳቀስ ይላል። በአንድ የሴቶች ትምህርት ላይ ስለ እንዲህ ያለች ሴት ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር፦ «ኡስታዝ፣ ከአላህ የመጣ በሽታ ቢሆን ‹ሰብር አድርጊ› እንላት ነበር። ይህን ግን በገንዘቧ ገዝታ ያመጣችው ነው። እንዲህም ሆኖ አጅር አለው? እኛስ ልናዝንላት ይገባል?»

ጠያቂዋ ጨካኝ ሆና አይደለም። ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን ነው አውጥታ የተናገረችው። ስለዚህ ጉዳዩን በጥሞና ማየት ይገባል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ስለ ተጎጂ ከመፍረድ በፊት ጉዳቱን ማወቅ ይቀድማል። የፊትን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 7ኛው ነው። በቀኝም በግራም ከጆሮ ሥር ባለ ቀዳዳ ይወጣና ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው የምራቅ ዕጢ ውስጥ አልፎ በአምስት ዋና ዋና ቅርንጫፎች ይከፈላል። አንዱ ቅንድብን ለማንሳት፣ አንዱ ዓይንን ለመክደን፣ አንዱ ለጉንጭና ለላይኛው ከንፈር፣ አንዱ ለታችኛው ከንፈር፣ የመጨረሻው ለአንገት ነው። የፊት ቆዳ በሚወጠርበት ጊዜ ሐኪሞች በተለይ ከሚጠነቀቁላቸው መካከል ወደ ግንባር የሚወጣውና በመንጋጋ ጠርዝ ወደ ታችኛው ከንፈር የሚሄደው ይገኙበታል። የመጀመሪያው ቢጎዳ ቅንድብ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ቢጎዳ አፍ ሲከፈት ከንፈር ይጣመማል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴዶን በ1943 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የነርቭ ጉዳትን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። በመጀመሪያው ደረጃ ነርቩ ተጨንቆ ወይም ተስቦ ሥራውን ያቆማል እንጂ የውስጡ ክር አልተበጠሰም፤ ይህ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይመለሳል። በሁለተኛው ክሩ ተበጥሶ ሽፋኑ ይተርፋል፤ ክሩም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ መንገዱን ይከተላል። ሊጓዝ የሚገባው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 100 ቀን ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። በሦስተኛው ነርቩ ጨርሶ ይቆረጣል፤ ይህ ሐኪም ካልጠገነው በቀር በራሱ በደንብ አይመለስም። ከማሳመሪያ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚታየው የፊት ድካም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ዓይነት ነው።

የፊት መጣመም ለቀደሙት ሙስሊም ሐኪሞችም እንግዳ አልነበረም። በዐረብኛ «ለቅዋ» ይባላል፤ አቡ በክር አር-ራዚም ኢብኑ ሲናም ጽፈውበታል። በየሰፈራችን ግን ፊቱ የተጣመመ ሰው ሲታይ «ምች መታው»፣ «ጂን ለከፈው» ማለት ይቀናናል። እዚህ ግን የደረሰው በቀዶ ጥገና የተነካ ነርቭ ነው። ይህን ያወቀች ሴት ቢያንስ ከአንድ ፍርሃት ታርፋለች።

የመረጠ ሰው ይታዘንለታልን?

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው እናገኛለን። አንደኛው ቀዶ ጥገናው ተገቢ ነበር ወይ የሚለው የድርጊቱ ሑክም ነው። ሁለተኛው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ያለው የተጎጂዋ ሐቅ ነው። እነዚህ በአንድ መዝገብ የሚጻፉ አይደሉም።

ስለ መጀመሪያው ዑለማዎች ተናግረዋል። ዐርፈጃ የተባሉት ሰሓባ በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ከብር የተሠራ አፍንጫ አድርገው ነበር። እሱ በሸተተባቸው ጊዜ፣ ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ከዚህ የምንረዳው የተጎዳን ፊት መጠገን ከንቱ ማጌጥ እንዳልሆነ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ2007 እ.ኤ.አ. ፑትራጃያ፣ ማሌዢያ ባደረገው ጉባኤ ጉድለትን ለማቃናትና ጉዳትን ለማስወገድ የሚደረገውን ፈቅዶ፣ ስሜትን ብቻ ተከትሎ ጤናማ መልክን መለወጥን አልፈቀደም። የማን ቀዶ ጥገና በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ ግን ምክንያቱን የሚያውቁት ራሷ፣ ሐኪሟና ጌታዋ ናቸው። እኛ በመስኮት አይተን የምንፈርደው አይደለም።

እንበልና ስህተት ሠርታለች። ይህ ሁለተኛውን ሐቅ ያጠፋዋልን? ሐኪም ጨው ተው ብሎት ሳይተው ቀርቶ የታመመን ጎረቤት አንጠይቅምን? በፍጥነት ነድቶ እግሩ የተሰበረውን «አንተ ነህ ያመጣኸው» ብለን መንገድ ላይ እንተወዋለንን? የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው ሐቅ ነው ሲባል የሕመሙ ምክንያት ይጣራ አልተባለም። በሙእሚን ላይ የሚደርስ ድካም፣ ሕመምና ሐዘን፣ የምትወጋው እሾኽ እንኳ ሳትቀር፣ ወንጀሉን እንደምታስምርለት በሐዲስ ተነግሯል። እዚያም ላይ ወደ እሾኹ ማን እንደሄደ አልተጠየቀም።

ደግሞም ልብ በሉ፦ የመረጠችው መልክ ማሳመርን ነው፤ የደረሰባት ግን ጉዳት ነው። መንገድ የጀመረ ሁሉ ገደሉን መርጧል አይባልም።

አንዳንዱ ሰው «ከራራንላት ሌሎቹን ማደፋፈር ይሆናል» ይላል። ይህ ስጋት ዋጋ የለውም አንልም። ነገር ግን የምክር ቦታው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። የምታስብ ልጅ ወይም እህት ካለችን ጉዳቱን፣ ወጪውን፣ ሑክሙንም አስቀድመን እንንገራት። ከደረሰ በኋላ ወቀሳ አዲስ ትምህርት አይጨምርም፤ በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ማብዛት ይሆናል። የተወቀሰች ሴት ትደበቃለች፤ የተደበቀች ሴት ሐኪሟ ዘንድ አትመለስም። አስካሪ መጠጥ ጠጥቶ የተቀጣን ሰው ሰዎች አላህ ያዋርድህ ባሉት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሸይጣንን በወንድማቸው ላይ እንዳያግዙ ከልክለዋቸዋል። ጥፋቱ የተረጋገጠበት ሰው እንዲህ ከተጠበቀ፣ ጥፋቷ ያልተረጋገጠ እህት እንዴት አትጠበቅም?

ያልታየው ፈገግታ

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው የፈገግታው ነገር ነው። ለወንድም ፊት ፈገግ ማለት ሰደቃ እንደሆነ ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ እናውቃለን። ይህ ድኻውም የማያጣው ሰደቃ ነው። ይህችን ሴት ግን አስቧት። እንግዳ ሲመጣባት ፈገግ ትላለች፤ ከንፈሯ ግን በአንድ ወገን ብቻ ይሳባል፤ እንግዳው የናቀችው ይመስለዋል። ልጇን ስታጫውት ልጁ «ለምን ትቆጪኛለሽ?» ይላታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ፈገግታውን ራሱን ትተወዋለች።

ለእሷ የሚነገር መልካም ዜና አለ። ሰው ሲታመም ወይም መንገደኛ ሲሆን በጤናውና በአገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት ቡኻሪ ዘግበዋል። እንግዲህ በጤናዋ ለሰው ፈገግ ትል የነበረች ሴት፣ ዛሬ ልቧ አዝዞ ፊቷ እምቢ ቢላት፣ ያ ፈገግታ ይቀርባታል ብለን አናስብም። አላህ (ሱ.ወ.) ወደ መልካችንና ወደ ገንዘባችን ሳይሆን ወደ ልባችንና ወደ ሥራችን ይመለከታልና። ስለዚህ ፊቷ ቢጣመምም ፈገግታዋን አትተው።

ቁርኣን ስትቀራም እንዲሁ ነው። ፋእ፣ ባእ፣ ሚምና ዋው የሚወጡት በከንፈር ነው። ከንፈሩ የደከመ ሰው ሲቀራ እነዚህ ሐርፎች ይሸሹታል፤ በሰው ፊት መቅራትም ያፍራል። እየተቸገረ የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው የተነገረውን ሐዲስ ለልጆች ዘወትር እናስተምራለን። ሐዲሱ ለትልልቆችም ነው።

ፈገግታ ግን ሁለት ወገን አለው፤ ሰጪና ተቀባይ። ሰጪዋ ፊቷ ካልታዘዘላት ቀሪው ሸክም በተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ድምፅዋን እንስማ፤ የሰላምታዋን ሙቀት እናስተውል፤ ፊት የነሳችን ቢመስለን እንኳ እኛ ፊት አንንሳት። ሲናገሩ ትኩር ብሎ ከንፈርን ማየት፣ ከሄዱም በኋላ አፍን አጣሞ ማሳየት ከባድ ነገር ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንድን ሰው ሁኔታ አስመስለው ባሳዩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በምንም ዋጋ ይህን እንደማይወዱ ነግረዋቸዋል። ልጆቻችንንም ይህን እናስተምር።

በቤት ውስጥ

ሕክምናውን በተመለከተ ዋናው ነገር ቀዶ ጥገናውን ወደሠራው ሐኪም ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም ፈጥኖ መሄድ ነው። ዓይኗ የማይከደን ከሆነ የዓይን ብሌን ደርቆ እንዳይቆስል ሐኪም ያዘዘውን ጠብታ ቀን፣ ቅባቱን ማታ መጠቀም፣ ሲተኙም ዓይኑን እንደታዘዘው መሸፈን ያስፈልጋል። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። የፊት ማንቀሳቀሻ ልምምድ ቢታዘዝ በታዘዘው መጠን ይሠራ። «ላስተካክለው» ብሎ በችኮላ ሌላ ቀዶ ጥገና ውስጥ መግባት አይገባም።

መስተዋትን በየሰዓቱ ማየትም አይረዳም። በቀን 1 ሚሊ ሜትር የሚሄድን ነገር በሰዓት ልንለካው አንችልም። ሰብር ማለት እዚህ ላይ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሳይሆን መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰዱ ቀኑን መጠበቅ ነው። ባልም እናትም እህትም በዚህ ጊዜ «ነግሬሽ አልነበር?» የምትለዋን ቃል ይዋጧት። ቃሏ እውነት ብትሆንም ዛሬ የምትጠቅመው የለም።

የአንዳንዶች ፊት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የተመለሰችውም፣ ያልተመለሰችውም የምታስታውሰው አንድ ነገር አለ፦ ፊቷ ባልታዘዘላት ወራት ማን ፊቱን እንዳላዞረባት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን፤ ልባችንንም ከፊታችን የተሻለ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።