ዐዋቂ የሌለው ዕውቀት

አብዛኞቹ ሠራተኛ ምስጦች ዕውሮች ሲሆኑ፣ እንጨቱ የት እንዳለ ሳያውቁ ከመሬት በታች በየአቅጣጫው የሚከፋፈል ዋሻ ይቆፍራሉ፤ አንዷ ምግብ ስታገኝ ሌሎቹን የሚመራ ጠረን ከሆዷ ሥር ካለ ዕጢ በመንገዷ ላይ እየተወች ትመለሳለች፤ ተከታዮቿም ጠረኑን ሲያጸኑት መንገዱ ይደምቃል። ምስጥ በነባር ሰፈሮች የሚገኝ የጭቃ ቤት ውስጥ ከገባ፣ ከአፈርና ከምራቅ የተለሰነ መሸፈኛ በግድግዳው ላይ እየሠራ ይወጣል፤ የምሰሶው ገጽ ሳይነካም ውስጡ ያልቃል።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 6 ታካቹን አለቃና ገዥ ወደሌላት ገብረ ጉንዳን ይልካል፤ ምስጥ በዘሩ ከጉንዳን ይልቅ ለበረሮ ቢቀርብም ትዝብቱ ይስማማዋል፤ ንግሥቲቱ እንኳ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ቁፋሮውን አታዝም። እንግዲህ ዕቅዱ የሚገኘው በአንዲት ምስጥ ዘንድ ሳይሆን በሁሉም ግንኙነት ውስጥ ነው፤ አማኝም የሥርዓቱ ባለቤት ፈጣሪ ነው ሲል ይህን አሠራር መካድ አያስፈልገውም።