የጎረቤት ወለድ

ከወንድም ላይ ወለድ መብላት ኃጢአት ነው? ጥያቄው ያረጀ ቢመስልም፣ ወንጌላዊው፣ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በነቀምቴው ቡርቃ ጃቶ መልስ ይፈልጋል። ኦሪት ከወንድም ላይ ወለድ መቀበልን ትከለክላለች፤ እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በወለድ የሚያበድር ካህን እንዲሻር ወስኗል፤ በእስልምናም ሪባ፣ ማለትም ወለድ፣ ሐራም ነው። ታዲያ መምህሩና ነጋዴው ተሰባስበው ያቋቋሙት የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ለአባሉ በወለድ ሲያበድር ምን እንበለው? በእኔ እምነት አበዳሪውና ተበዳሪው አንድ እስከሆኑ ድረስ አራጣ አይደለም። አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ግን የተመረመረ መዝገብ እንጂ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የሰፈረ ቃል አይደለም።

20 ሺህ ብር የቆጠበች ልብስ ሰፊ የቁጠባዋን ሦስት እጥፍ፣ 60 ሺህ ብር፣ ተበደረች እንበል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። በዚሁ ጣሪያ ታስቦ ዕዳዋን በዓመቱ መጨረሻ ብትከፍል 7,200 ብር ትጨምራለች። ከዚያ ላይ የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ይወጣል፣ የቆጣቢዎች ወለድ ይከፈላል፤ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው መጠባበቂያ ሆኖ ከቀሪው እሷም የዕጣዋን ያህል ትካፈላለች። የቤት ካርታ ይዞ የሚያበድር አራጣ በሊታ በተበዳሪው ውድቀት ያተርፋል፤ እዚህ ግን እሷ ብትወድቅ ዋሶቿና ቆጣቢዎቹ አብረው ይጎዳሉ። ይህ ክርክር ሙስሊሙን እንደማያሳምን አውቃለሁ፤ ለእሱ ጭማሪው በማንም እጅ ቢገባ ሪባ ነው። ወለዱን የአገልግሎት ክፍያ ብሎ ማቅረብም እሱን መናቅ ነው። ማኅበሩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ተናግሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሽጥለት።

መዝገቡን ተቆጣጣሪ መመርመሩ ለምን ያስፈልጋል፣ ዕቁብና እድር ያለ ተቆጣጣሪ ኖረዋል፣ ደርግም በማኅበራት ላይ ያደረሰውን ጉዳት አይተናል የሚሉ አሉ። የደርጉ ነገር እውነት ነው። ዕቁብ ግን ገንዘቡ በተሰበሰበበት ዕለት ሁሉም እያየ ለባለዕጣው ይሰጣል፤ የቁጠባ ማኅበር ብር ለዓመታት በጥቂት ኮሚቴዎች እጅ ይቆያል። ጀርመናዊው ራይፋይዘን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በአገሩ መንደሮች ያቋቋማቸው የብድር ማኅበራት አባላት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ነበሩ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጀርመን ሕግ በየጊዜው ኦዲት እንዲደረጉ አስገደዳቸው።

እኛ ዘንድ የአየር መንገድ ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበርን በ1950ዎቹ ከጀመሩት ወዲህ ቁጥጥሩ አንድ ችግር አልለቀቀውም። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራትን የሚያደራጀውም፣ የሚመዘግበውም፣ ኦዲት የሚያደርገውም የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቱ ነው። ስንት ማኅበር አደራጀሁ ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት የታመመውን ማኅበር ለመዝጋት እጁ አይፈታለትም። በ2013 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ደግሞ የባንክና የማይክሮ ፋይናንስ አስቀማጮችን እስከ 100 ሺህ ብር ሲሸፍን፣ የልብስ ሰፊዋን 20 ሺህ ብር አይመለከትም። ተቆጣጣሪው ከአደራጁ ይለይ፤ ቆጣቢዋም የመድን ዋስትና ታግኝ። አባላትም ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ለትርፍ ክፍፍሉ ብቻ አትሂዱ፤ አስቀድማችሁ የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁ።