ሴቴዋን ኮሶ የሚያውቅ

በአዲስ አበባ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ልብስ ከሚሸጥበት ጎዳና ጀርባ፣ አንድ ሸማኔ ነበረ። በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ከጧት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲያመላልስ ኖሮ ልጁን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ልጁ የተመረቀው በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ነው። አባቱ በጨለማ ቤት ጎብጦ ሲሠራ እያየ ስላደገ፣ ለራሱ የተመኘው ሰማይ የሚታይበትን ሥራ ነበር። እንጦጦም ከደጃቸው ወጣ ሲሉ ፊት ለፊት የቆመ ተራራ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ በጉለሌ በየሰፈሩ ስላለ ስም አላወጣሁለትም። ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ተራራው፣ ዛፎቹና የሥራው ችግር ግን እውነተኛ ናቸው።

ልጁ እንደ እኩዮቹ ሁሉ አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመ። የደን ባለሙያ ይላል፤ ዝቅ ሲል የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የተፋሰስ ልማት ባለሙያ ይላል፤ አራት ዓመት። በዜሮ ዓመት የሚቀጥር ሲገኝ ደግሞ ለምዝገባ የሚሰለፈው ሰው ብዛት ተስፋ ያስቆርጣል። ክረምት ሲመጣ ችግኝ ተከላ ይወጣል። አረንጓዴ ዐሻራ የተባለው የችግኝ ተከላ ዘመቻ በተጀመረበት ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ፣ እሱም ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከተከሉት አንዱ ነበር። በዚያ ቀን ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ግን በበጋ፣ ጥር ላይ፣ የተከለውን ለማየት ተመልሶ ሲወጣ ቦታው ጠፋው። ጉድጓዱን አገኘ፣ ችግኙን አላገኘም።

ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣበት። ለመትከል ይህን ያህል ሕዝብ ሲወጣ፣ ከተተከለ በኋላ የሚጠብቀው ማን ነው? ሥራው ያለው እዚያ መሆን አለበት ብሎ ከተራራው ወገብ ላይ ወዳለ ችግኝ ጣቢያ ሄደ። ኃላፊው አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ሥራ ፍለጋ ነው የመጣሁት። ሲቪዬን ይዣለሁ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ደኅና ተምረሃል። ቅጥር ያለኝ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እስቲ በመጀመሪያ የኮሶ ዘር አምጣልኝ። የሚበቅል ይሁን።»

ልጁ ቀላል ነገር መሰለው። በተራራው ላይ አሮጌ ኮሶ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነውና ወደዚያ ሄዶ፣ አስፈቅዶ፣ ከዛፉ የተንጠለጠለውን ዘለላ በከረጢት ሞልቶ መጣ። ሽማግሌው በጣታቸው ፈተጉት፣ ከዚያም መሬት ላይ ደፉት። «ይህ ወንዴው ነው ልጄ። ብትዘራው ብትዘራው አይበቅልም።»

ኮሶ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ነው። የሴቴዋ ዘለላ ወደ ቀይ ያደላል፤ የወንዴው ፈዛዛ ነው። ልጁ ይህን ክፍል ውስጥ ተምሮታል፣ በፈተናም ጽፎታል። ዛፉ ሥር ሲቆም ግን የቆመው ከየትኛው ጋር እንደሆነ አላወቀም።

ቁልቁል ሲወርድ አንዲት ሴት ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ስታርፍ አገኛት። ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው የተሸከመችው፤ እንደ እንጦጦ እንጨት ለቃሚዎች ሁሉ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ። ፊቱን አይታ፣ «ምን ጠፋብህ የኔ ልጅ?» አለችው።

«ሴቴ ኮሶ ፈልጌ ነበር፣ እማማ።»

«ለሆድህ ነው?»

«አይደለም፣ ለዘር ነው።»

«ቀዩዋ ናታ! እናቴ ለመድኃኒት የምትወስደው ከሷ ብቻ ነበር። ከገደሉ ማዶ አንዲት አለች። ግን አሁን ብትቆርጣት ፍሬዋ አልደረሰም። ዘለላዋ እስኪደርቅ ታገሥ።»

ሸክሟን ተቀብሎ እስከ ሰፈር አወረደላት። ትከሻው ተላጠ። በመንገድ ላይ ወፎች የወይራ ፍሬ በልተው የሚጥሉበትን ቁጥቋጦ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ከመጥረቢያ ተርፎ የቆመውን ጽድ፣ በበጋ እንኳ እርጥበቱ የማይደርቀውን ሸለቆ አሳየችው። የደን ዘበኛ ሲመጣ ለመደበቅ ስትል ያወቀቻቸው ቦታዎች ናቸው።

ፍሬው ሲደርስ ልጁ ከሴቴዋ ለቅሞ ለሽማግሌው አቀረበ። ሽማግሌው እፍ ብለው ገለባውን አበነኑትና ጥቃቅኑን ዘር አዩ፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ100,000 በላይ ፍሬ ያለው ነው። «ይኸው እሱ ነው። ማን አሳየህ?»

ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «አንዲት እንጨት ለቃሚ እናት» አለ።

«እንግዲያው ቅጥሩ የሷ ነው። ጥራልኝ።»

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር እዚህ ላይ ልጁ ተበደለ የሚሉ ብዙ ናቸው። ዘሩን ያመጣው እሱ፣ እውነቱን የተናገረው እሱ፣ የተማረውም እሱ ነው ይላሉ። እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ፤ ምክንያቴን ልናገር።

እንጦጦ ድሮ የጽድና የወይራ፣ ከፍ ሲልም የኮሶ ተራራ ነበረ። ምኒልክ ከተማቸውን እዚያ ሲቆረቁሩ፣ በኋላም አዲስ አበባ ስትሰፋ፣ ደኑ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሳ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን አዳናት። ስለዚህ ባሕር ዛፍን መስደብ አልወድም፤ ብዙ ሺህ ምድጃ አንድዷል። ይሁን እንጂ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ተዳፋት ሥሩ ብዙ ነገር አይበቅልም፤ ዝናብ ሲጥል አፈሩ ከጎርፉ ጋር ወደ ቀጨኔና ወደ ቀበና ይወርዳል። አገር በቀሉን መመለስ ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው። ታዲያ ባሕር ዛፉ በተነሳበት፣ ተራራውም በታጠረ ቁጥር፣ ከሱ ላይ ጭራሮ ለቅማ ልጆች የምታሳድገው ሴት እንጀራዋ አብሮ ይነሳል። ተራራውን ለማዳን ሲባል እሷ ከተራራው ተባርራ ሌላ ሰው የሚቀጠርበት ሥራ፣ ዛፉ ቢጸድቅም ፍትሕ የለውም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሸክሙን ትተው፣ በማኅበር ተደራጅተው ሽመና የያዙ ሴቶች አሉ፤ በጎ ነው። ግን ዛፉን የምታውቀው ሴት ከዛፉ መራቅ ብቻ ነው ወይ ዕድሏ?

ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረችውን የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ያቆመችው በገጠር ሴቶች ላይ ነው። ሴቶቹ ችግኝ እያፈሉ፣ በጸደቀው ችግኝ ልክ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ክፍያው ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው መሆኑን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለችው በዚህ ሥራ ነው።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ሴቲቱ መጣች። ሽማግሌው ሥራውን ሲነግሯት ደስ ብሏት፣ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። «እኔ መጻፍ አልችልም። መቼ እንደዘራሁ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደለቀምኩ፣ ስንቱ እንደበቀለ መዝገብ ይያዝ ከተባለ የሚጽፍልኝ እፈልጋለሁ። ያ ልጅ ይሁን።»

ሽማግሌው ለሁለተኛ ቅጥር በጀት አልነበራቸውም። በቀን ሠራተኛ ሒሳብ አፈር እንዲሞላ ያዙት። እዚህ ላይ ስለ ሽማግሌው አንድ መልካም ነገር እመሰክራለሁ፤ ልምድ እንድታገኝ በነፃ ሥራ አላሉትም። የቀን ዋጋውን በየሳምንቱ ከፈሉት። የድሀ ልጅ በነፃ ጉልበቱ ልምድ እንዲሸምት የሚጠይቅ ቀጣሪ ከባለጠጋ ልጅ በቀር ሌላ አያገኝም።

ልጁ በችግኝ ማፍያው ፕላስቲክ ውስጥ አፈር፣ ፍግና አሸዋ ደባልቆ ይሞላል። ሴቲቱ የጽድ ዘር ውኃ ውስጥ ትነክራለች፤ የተንሳፈፈው ባዶ ስለሆነ ይጣላል፣ የሰጠመው ይዘራል። የወይራውን ቅርፊት ውስጡን ሳትጎዳ መስበር ተማረች፤ ሳይሰበር የተዘራው ብዙ ያስጠብቃል። የኮሶው ዘር ደግሞ በጥልቅ ከተቀበረ አይወጣም፤ ከላይ ተበትኖ ስስ አፈር ብቻ ይነሰነስበታል። አገር በቀል ዛፍን ማባዛት የራሱ ጥበብ እንዳለው ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ተመራምረውበት፣ መጽሐፍም ጽፈውበታል። ልጁ መጽሐፍ ያነብላታል፣ እሷ ዛፉን ታሳየዋለች። ሁለቱ የሚጣሉበትም ቀን ነበረ፤ መጽሐፉ በጥላ ይሁን ሲል እሷ ፀሐይ ይንካው ትላለች። እንዲህ ሲሆን ግማሹን መደብ በሱ፣ ግማሹን በሷ አድርገው ውጤቱን ይመዘግባሉ።

ሰኔ ሲያልቅ፣ መሬቱ ሲርስ ተከሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ መጣ፤ ሣር እየጎዘጎዙ ሥሩን ሸፈኑ። ጥርና የካቲት ውኃ አጓጓዙ። አጥር ጥሶ ከገባ ፍየል ጋር ተሯሯጡ። ከተቆረጠ ጉቶ ዳግም የሚያቆጠቁጠውን ባሕር ዛፍ ደጋግመው መለመሉ። ማንም ፎቶ አላነሳቸውም። በየዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ ተዳፋቱን እየዞሩ እያንዳንዱን ችግኝ ቆጠሩ፤ ልጁም ጻፈ።

በሦስተኛው ዓመት ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡና «ስንት ተከላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ መዝገቡን ዘረጋ። ይህን ያህል ተክለናል፤ ዛሬ በሕይወት ያለው ይህን ያህል ነው። ከሞተው ይህን ውርጭ ገደለው፣ ይህን ፍየል በላው። ይህኛው ደግሞ ለዘመቻ የመጡ ሰዎች ከነፕላስቲኩ ቀብረውት ሥሩ ታፍኖ ነው። ወንዴውን ኮሶ ሴቴ መስሎኝ ያመጣሁትም እዚህ ተጽፏል። ሰዎቹ እንዲህ ያለ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያን ቀን ነበር። ልጁን የቀጠሩት በዚያ መዝገብ ምክንያት ነው። ሽማግሌው የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፉለት። ሴቲቱ ከጣቢያው አልሄደችም፤ የዘር ለቀማው ኃላፊ ሆና፣ ሌሎች አራት እንጨት ለቃሚዎችን ከሥሯ አስቀጠረች።

ሸማኔው ልጁ ምን ዓይነት ሥራ እንደያዘ ለማየት አንድ ቀን ወደ ተራራው ወጣ። ልጁን ጉድጓድ ሲቆፍር አገኘው። ጥልቀቱን በእግሩ ለክቶ፣ «ትንሽ ይጥለቅ፤ እግርህ ካልዘለቀ ወገብህ ያምሃል» ብሎ መከረው። ሁለቱም ሳቁ።

በጉለሌ ይህ ሥራ የሚሠራበት መሬት አለ። ጉለሌና ኮልፌ ቀራኒዮ በሚገናኙበት ከፍታ ላይ፣ ከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይዟል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የእንጦጦ ፓርክ አለ። ቁልቁል የሚወርዱት ወንዞች ዳርቻቸው የሚለማ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በከተሞች የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ብዙ እናቶችን በጽዳትና በአረንጓዴ ልማት ላይ አሰማርቷል። መሬቱም ሰዉም ካለ፣ የጎደለው ከተከላ በኋላ ላሉት ዓመታት የሚመደብ ደመወዝ ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ የምለው ይህን ነው፦ ማስታወቂያ ሰሌዳውን አትተወው፤ ግን በዚህ በጋ ባለፈው ክረምት የተተከለበት ቦታ ውጣ፣ የጸደቀውንና የሞተውን ቁጠር፣ የሞተበትን ምክንያት ጻፍ፣ በተራራው ላይ የምታገኛትን እናት ጠይቃት፣ ስሟንም ከመዝገብህ አትሰርዝ። በጀት ለምትይዙት ደግሞ፦ ለአንድ ክረምት ችግኝ ስትበጅቱ የሦስት ዓመት አራሚ፣ ውኃ አጠጪና ጠባቂ ደመወዝ በዚያው ሰነድ ላይ ጻፉ፤ ከተቀጣሪዎች ዝርዝራችሁም አናት ላይ ተራራውን በጀርባቸው ተሸክመው የኖሩትን ሴቶች አስቀምጡ።